ተናገርን እንጂ መቼ አስረዳን

በዲፓርትመንታችን የፕሬዘንቴሽን ሳምንት ሲደርስ ምን እንደምንመስል ለእናንተ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ክራቫት የሌለው ይዋሳል። ኮቱ የታላቅ ወንድም ስለሆነ እጅጌው ጣት ድረስ ይወርዳል። ሴት ጓደኞቻችን ባለተረከዙን ጫማ በፌስታል ይዘው ይመጡና በር ላይ ይቀይራሉ። ፍላሹ አልከፍት ይላል፣ ወይ ፕሮጀክተሩ ይቃጠላል፣ ወይ መብራት ይሄዳል። ከዚያ አንዱ ደፋር ተነስቶ “ጉድ ሞርኒንግ ሌዲስ ኤንድ ጀንትልሜን” ይላል፤ ሰዓቱ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሌሎቻችን ስላይዱ ላይ ያለውን ቃል በቃል እያነበብን ተራችንን እንጨርሳለን፤ ይጨበጨባል፤ ማርክ ይሰጠናል። ማንም ምንም ሳይገባው ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ይህን የምለው በሌላው ላይ ለመሳቅ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር እኔም ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ በ“ቼንጅ ማኔጅመንት” ላይ አቅርቤ ከ20 18 አግኝቻለሁ። አቋምህ ጥሩ ነው፣ ድምፅህ ይሰማል፣ አድማጭህን ዓይን ዓይኑን ታያለህ ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር አንድም ሰው ዓይን አላየሁም፤ የኋላውን ግድግዳ ነው ሳይ የነበረው። ፍርሃት ካለብህ እንደዚያ አድርግ የሚል ምክር ከዩቲዩብ ላይ አግኝቼ ነበር። ያም ሆነ ይህ 18 ቱ ለጊዜው ልቤን ነፋው። ጥሩ ተናጋሪ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ክረምት ላይ ለአፓረንትሺፕ አንድ የንግድ ድርጅት ተመደብኩ። ስሙ ምን ያደርግላችኋል። የግንባታ ዕቃ የሚያስመጣና የሚያከፋፍል ሲሆን ሁለት መጋዘኖች ነበሩት። ድርጅቱ ሁለቱን መጋዘኖች አንድ ላይ ለማድረግ ወስኗል። በዚያውም እየተፈረመ በእጅ ይከፈል የነበረው ደመወዝ በባንክ እንዲሆን፣ የሥራ ሰዓቱም በሁለት ፈረቃ እንዲከፈል ታስቧል። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና “አንተ የማኔጅመንት ተማሪ አይደለህ? እስቲ ለሠራተኞቹ በደንብ አርገህ አስረዳልኝ” አሉኝ። የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም። የዚያን ቀን ሌሊት አልተኛሁም ብል ማጋነን አይሆንም።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ያንን 18 ያገኘሁበትን ስላይድ አወጣሁና የድርጅቱን ነገር እዚያ ላይ ጨማመርኩበት። በጠቅላላው 14 ስላይድ ሆነ። የኩርት ሌዊንን ሦስት ደረጃዎች ያካተተ ነው፤ ማለትም የቀዘቀዘውን ማቅለጥ፣ መለወጥ፣ መልሶ ማቀዝቀዝ። ለማሳመር የበረዶ ፎቶ ሳይቀር አስገባሁበት። እንግዲህ አስቡት፦ መጋዘን ውስጥ፣ የሴራሚክ ካርቶን በተደረደረበት ግድግዳ ላይ፣ ለጫኝና አውራጆች፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኞች፣ ለጥበቃዎችና ለጽዳት ሠራተኞች የበረዶ ፎቶ አሳየሁ። “ሪስትራክቸሪንግ” አልኩ። “የሰው ኃይል ድልድል” አልኩ። “ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በካሽ የሚፈጸም ክፍያ ይቆማል” አልኩ። ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

“ጥያቄ ያለው?” ስል ዝም። “ግልጽ ነው?” ስል “ግልጽ ነው” አሉ። አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁም ትከሻዬን መታ መታ አርገው ሄዱ። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ሳለ አንድ የዕድሜ ባለጠጋ የሆኑ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሁሉም “ጋሼ” የሚላቸው፣ ጠጋ አሉኝና “ልጄ፣ አበጀህ፣ ተምረሃል። ግን እኛ እንግዲህ ሰኞ የት ነው የምንገባው?” አሉኝ።

14 ስላይድ ውስጥ ሰኞ የት እንደሚገቡ አልነበረም። “በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ጋሼ” ብዬ አለፍኩ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጥያቄው ራሱ ዝቅ ያለ ጥያቄ መስሎኝ ነበር።

የጉዳዩ ክፉ ክፍል የመጣው በኋላ ነው። ቢሮውን የሚያጸዱና ሻይ የሚያፈሉ አንዲት እናት ነበሩ። “ክፍያ ይቆማል” ያልኩትን ሰምተው ሄዱ። በካሽ የሚለው ቃል አላቆማቸውም፤ ለእሳቸው ክፍያ ማለት በእጅ የሚቆጠር ብር ነው፣ ሌላ ክፍያ አያውቁም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደመወዝ የለም ማለት ነው። ጠይቀው ማረጋገጥ ይችሉ ነበር ትሉ ይሆናል። ማንን? እኔን? ሥራ አስኪያጁን? የዚያኑ ሳምንት ከሰፈራቸው ዕቁብ ወጡ። በሳምንት 200 ብር የሚጣልበት፣ አርባ ሰው ያለበት ዕቁብ ነው። ሃያ ስድስት ሳምንት ጥለዋል፣ ዕጣቸው ግን ገና አልወጣም ነበር። የጣሉትን 5,200 ብር አንዲት ጎረቤት ሰጥታቸው በእሳቸው ቦታ ገባች። በወሩ ደመወዛቸው በባንክ ገባ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ዕጣው ግን በሦስተኛው ሳምንት ወጥቶ 8,000 ብሩን የወሰደችው ጎረቤትየዋ ነች። ሴትየዋ በዚያ ብር ለልጃቸው ያገለገለ የልብስ ስፌት መኪና ሊገዙ ነበር ያሰቡት። ከጎረቤት የተቀበሉት 5,200 ብርስ? ደመወዝ ይቆማል ብለው ስለነበር ጤፍና ዘይት ገዝተውበታል።

ይህን የነገሩኝ ሊወቅሱኝ አልነበረም። ሻይ እየቀዱልኝ እንደ ወሬ ነው ያነሱት። “አይ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ” አሉ። እሳቸው እንዲህ ሲሉ እኔ ከ20 ስንት እንደሚገባኝ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኮሙኒኬሽን የምንማረውን ነገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በበኩሌ የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው፦ አንድ ሥራ መሪ በደንብ ተናገረ የሚባለው ሰሚው ከክፍሉ ሲወጣ ነገ ምን እንደሚሆንና ምን ማድረግ እንዳለበት አውቆ የወጣ እንደሆነ ብቻ ነው። አቋም፣ ድምፅ፣ ክራቫት፣ ስላይድ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ለዚያ አገልጋይ ነው። እኛ አገልጋዩን ጌታ አድርገነዋል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የውጭ መጻሕፍት ላይ አድማጭ ካልገባው ይጠይቃል የሚል ግምት ያለ ይመስላል። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም። ታላቅ ወይም አለቃ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው፣ ተናግሮ ሲጨርስ አልገባኝም ማለት ደግሞ ወይ ደንቆሮ ያሰኛል ወይ ሰውየውን መንቀፍ ይሆናል። ስለዚህ በሀገራችን ስብሰባ ዝምታ መግባባት አይደለም። “ግልጽ ነው” የሚለው መልስም አይደለም። እንዲያውም ሁሉም በአንድ ድምፅ ግልጽ ነው ሲል ተናጋሪው ቢሰጋ ይሻለዋል። ጋሼ እኮ ጥያቄያቸውን የጠየቁኝ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ያውም መጀመሪያ መርቀውኝ ነው።

እንግዲህ ይህ ችሎታ ከውጭ በስላይድ የሚመጣ ብቻ ነው ወይ? ይመስለኛል አይደለም። አማርኛችንን ብቻ እንይ። “ተረዳ” ስንል አንድም ነገሩ ገባው ማለታችን ነው፣ አንድም የሰው ሞት ተነገረው ማለታችን ነው። “የእናቱን ሞት ተረዳ” እንላለን። ወላጆቻችን መርዶ ሲያረዱ እንዴት እንደሚያደርጉ ሁላችንም አይተናል። መጀመሪያ ማን እንደሚናገር ይመከራል፤ የሚመረጠው አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ አይደለም፣ ሰውየው የሚያምነውና የሚያከብረው ስለሆነ እንጂ። ማታ እንዳይነገር ሌሊቱ ይከብዳል ይባላል። ሥራ ቦታ አይነገርም፣ በስልክ ባይሆን ይመረጣል። ጎረቤትና ዘመድ ቀድሞ ይሰማል፤ ንጋት ላይ ነጠላውን ለብሶ በር ላይ ይገኛል። ሰውየው ሲሰማ ብቻውን አይደለም። ቃሉም አጭር ነው። ከዚያ በኋላ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል ሳይጠየቅ ተደልድሏል። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ያለው ሕዝብ ነን፤ ቢሮ ስንገባ ግን የሃያ ዓመት ሠራተኛን መሰናበት በደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል እንልካለን።

የሥራ መሪ መርዶ ምን እንደሚመስል ሳስብ ትዝ የሚለኝ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ሟቾቹ ከሠላሳ በላይ ሀገሮች ዜጎች ነበሩ። በወቅቱ የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም የዚያኑ ዕለት ቦታው ላይ ተገኙ። አየር መንገዱ ያወጣው ፎቶግራፍ ላይ ጥቁር ሙሉ ልብስ እንደለበሱ በተቆፈረው መሬት መካከል፣ በስብርባሪው ውስጥ ቆመዋል። ከዚያ መጥተው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። የሚታወቀውን ተናገሩ፦ አውሮፕላኑ የዚያን ዕለት ማለዳ ከደቡብ አፍሪካ እንደመጣ፣ አብራሪው ችግር እንደገጠመው ነግሮ ለመመለስ ፈቃድ እንደጠየቀ፣ በሕይወት የተረፈ እንደሌለ። ምክንያቱን በተመለከተ ገና እንደማይታወቅ ተናገሩ፤ ግምት አልጨመሩም።

ያንን ፎቶ አንዳንዶች ለማስታወቂያ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ሬሳ የወደቀበት ቦታ ሳይደርሱ ስለ ሞት መናገር በእኛ ሀገር አይሆንም። ሰውየው ከመናገራቸው በፊት ሄደዋል፤ የንግግራቸው ግማሹ እዚያ መሄዳቸው ነበር። በሌላ በኩል የአውሮፕላኑ ሠሪ የቦይንግ የያኔው ዋና ኃላፊ ዴኒስ ሙለንበርግ በሟቾች ቤተሰቦች ብዙ ተወቅሰዋል፤ አውሮፕላኑ ደኅና ነው ማለትን አስቀድመዋል ተብለው ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቦታቸው ተነሱ። የተነሱት በንግግር ጉድለት ብቻ ነው አልልም፤ ችግሩ አውሮፕላኑ ውስጥም ነበር። ግን በንግግርና በማስረዳት መካከል ስላለው ልዩነት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ሰፈራችን ልመለስና ስለ ቋንቋ ትንሽ ላንሳ፤ ይቺ ነገር በዲፓርትመንታችን ውስጥ ክርክር የምታስነሳ ናትና። በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይን እያቋረጥን እንማራለን። ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አደባባይነቱ ቢጠፋም ስሙ አልጠፋም። ስሙ ለምን ሜክሲኮ እንደሆነ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትይዝ ብዙ መንግሥታት አሜን ብለው ሲቀበሉ፣ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ ስለነበረች ነው። ሜክሲኮ ከተማ ውስጥም ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። እንግዲህ የዚያ ታሪክ ትልቁ ቀን ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የቆሙበት። ንጉሡ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር፣ ጉባኤውም ፈረንሳይኛ ይሰማ ነበር። የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ሲያፏጩና ሲሳደቡ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ፣ ከዚያ በቋንቋቸው ጀመሩ። ትርጉሙ ለጉባኤው ደረሰ። ንግግሩ ሀገሪቱን በዚያ ዓመት አላዳናትም፤ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ይህን ያነሳሁት እንግሊዝኛ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ጓደኞቼ “ታዲያ ከውጭ ኢንቨስተር ጋር በአማርኛ ልናወራ ነው?” ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ለዚህም ምሳሌው ከእኛው ሰፈር አይርቅም። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን በ1999 ዓ.ም. አሩሻ በተደረገው የቴድ ግሎባል ጉባኤ ላይ በእንግሊዝኛ ያቀረቡትን ንግግር ያላያችሁ ብታዩት ጥሩ ነው። የሀገራችን የበቆሎ ዋጋ በ1994 ዓ.ም. ወድቆ ገበሬው እህሉን ማሳ ላይ ትቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የእርዳታ እህል የተለመነበትን ጊዜ አንስተው ገበያ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዱ። የኢኮኖሚ ባለሙያ ናቸው፣ ግን የጀመሩት ከግራፍ አልነበረም። ሰሚያቸው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

በዓመቱ፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ እዚሁ ሜክሲኮ፣ አልሳም ጨለለቅ ሕንፃ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከአሩሻው ንግግር ይልቅ ይሄ ነው፦ ገበያው ለገበሬውና ለአቅራቢው የላከው መልእክት ሌላ መልክ ነበረው። በየገበያው ከተማ የዋጋ ሰሌዳ ተተከለ። በስልክ ደውሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የዕለቱን ዋጋ መስማት ተቻለ። ጅማ ያለ ቡና አቅራቢ “የገበያ መረጃ ተደራሽነት” የሚል ስላይድ አላየም፤ የዛሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ ሰማ። በገበያው ወለል ላይም ኤሌክትሮኒክ ግብይት በ2007 ዓ.ም. እስኪመጣ ድረስ ሻጭና ገዢ እየጮኹ ይደራደሩና ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። ምን ዓይነት፣ ስንት፣ በስንት። የከብት ነጋዴ እጅ ተማትቶ ዋጋ ሲቆርጥ ያየ ሰው ይህ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ምርት ገበያው እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተጠቃሎ ሲሸጥ ከየትኛው ገበሬ ወይም ማጠቢያ እንደመጣ ስለማይታወቅ የውጭ ልዩ ቡና ገዢዎች አጥብቀው አማረሩ፤ ሕጉም ከብዙ ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ተሻሻለ። አንዱ ሰሚ ዋጋ ብቻ ይበቃዋል፣ ሌላው የቡናውን ታሪክ ይፈልጋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ብትነግር አንዱ ሳይሰማህ ይቀራል። ይቺ እኛ በ“አድማጭህን ዕወቅ” ርዕስ ሥር በአንድ ስላይድ የምናልፋት ነገር ናት።

ሌላም የቅርብ ነገር አለ፣ ብዙዎቻችን በግል የምናውቀው ስለሆነ ባጭሩ ላንሳው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ሲያወጣ ወሬው በየዶርሙ እንዴት እንደሮጠ ታስታውሳላችሁ። “ሂድና አውጣ” የምትል አንዲት መስመር በቴሌግራም ከየትኛውም መግለጫ ቀድማ ደረሰች። ምክንያቱም ምን እንደሚደረግ ትናገራለች፣ ያውም በሁለት ቃል። ባንኩ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ መውጣቱን አሳወቀ። በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ወጥተው የወሰደ ይመልስ፣ የመለሰ አይጠየቅም፣ ያልመለሰ ግን በሕግ ይጠየቃል ሲሉ ነገሩ ተለወጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመለሰ። የሰዎቹን ስምና ፎቶ መለጠፉን እኔ እስከ አሁን አልወደድኩትም፤ ብዙዎቹ እንደኛው ተማሪዎች ናቸው። መልእክቱ ግን መልእክት ነበር፤ ምን አድርግ፣ ካላደረግህ ምን ይሆናል፣ አለቀ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። ሴትየዋ ስለ ዕቁቡ ከነገሩኝ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁና ስብሰባው እንደገና ይጠራ ብዬ ለመንኩ። መጀመሪያ አልወደዱትም፤ “ግልጽ ነው አላሉም እንዴ?” አሉኝ። በመጨረሻ የሻይ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ፈቀዱ። በዚህ ጊዜ ፕሮጀክተር አልያዝኩም። ቀድሜ ጋሼን አማከርኳቸው። “ሰው መጀመሪያ መስማት የሚፈልገው የሚባረር እንዳለ ነው፤ እሱን ሳትነግር ሌላውን ብታወራ አይሰማህም” አሉኝ። ይህ በየትኛው ሃንድአውት ላይ ተጽፎ ይገኛል?

ስለዚህ ከዚያ ጀመርኩ። ማንም አይባረርም አልኩ፤ ይህን እንድል ሥራ አስኪያጁ ቀድመው እንዲያረጋግጡልኝ አድርጌ ነበር፣ እዚያው ቆመውም “እውነት ነው” አሉ። ቀጥዬ ሁላችሁም ከሰኞ ጀምሮ የምትገቡት በትልቁ መጋዘን ነው፣ የጠዋት ፈረቃ አንድ ሰዓት ተኩል ይገባል፣ የከሰዓቱ ሰባት ሰዓት ይገባል አልኩ። ደመወዛችሁ ያው ነው፣ ቀኑም ያው ነው፣ የሚለየው ባንክ መግባቱ ብቻ ነው አልኩ። ከዚያ ጥያቄ አለ ብዬ አልጠየቅኩም። አንዱን ጫኝ “እስቲ ነገሩን ላልመጣው ጓደኛህ እንዴት ትነግረዋለህ?” አልኩት። ነገረን። ፈረቃውን አዛብቶ ነገረን። ሌላው አረመው፣ ሦስተኛው ተከራከረ፣ የባንክ ደብተር የሌለው እንዴት ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሳ፣ አንዷ ሴት መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበታል አለች። በመጀመሪያው ስብሰባ ዝም ያሉት ሰዎች ናቸው እነዚህ። አሥሩ ደቂቃ አርባ ሆነ፤ ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ፣ ግን አላቋረጡንም። ሻይ የሚያፈሉት እናት ጥግ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። እሳቸውን ማየት አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ፣ መምህራኖቻችን ቢያስቡበት ብዬ ነው። ከምናቀርባቸው ፕሬዘንቴሽኖች ቢያንስ አንዱ ያለ ስላይድ፣ በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚያውቀው ሌላ የሀገራችን ቋንቋ፣ ትምህርቱን ላልተማረ ሰው የሚቀርብ ይሁን። ርዕሱም ተግባራዊ ይሁን፤ የአንድ አክሲዮን ማኅበር ትርፍ ለምን እንደቀነሰ ለባለአክሲዮኖች ማስረዳት፣ ወይም የደመወዝ አከፋፈል ለውጥን ለሠራተኛ መንገር። በየዓመቱ በየሆቴሉ አዳራሽ በሚደረገው የባንክና የኢንሹራንስ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነጋዴዎችና ጡረተኞች ወፍራም ሪፖርት ይዘው ምሳ ሲጠብቁ አይተን የለ? ነገ ያንን ሪፖርት የምናነብላቸው እኛ ነን። ማርኩም የሚሰጠው በተናጋሪው ላይ አይሁን። አንድ ሰሚ ይጠራና የሰማውን መልሶ ይናገር፤ የተያዘው ያህል ማርክ ይያዝ። የግቢያችን ጥበቃዎች፣ የካፌው ሠራተኞች፣ በር ላይ ካርድና ማስቲካ የሚሸጡት ልጆች ሰሚ ቢሆኑ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ለጊዜያቸው ግን ሊከፈላቸው ይገባል።

አንድ መምህር ይህን ሐሳብ ስነግራቸው “እንግሊዝኛችሁ በዚህ ላይ ይበልጥ ይሞታል” ብለውኛል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ እንግሊዝኛችን በእርግጥም በጠና ታሟል። ነገር ግን ስላይድ በማንበብ የዳነ እንግሊዝኛ አላየሁም። በአማርኛ አጥርቶ ማስረዳት ያልቻለ ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር የሚደብቀው ነገር ያገኛል እንጂ ያስረዳል ብዬ አላምንም፤ እኔ ራሴ በ“ሪስትራክቸሪንግ” ጀርባ ተደብቄ ነበር።

ሐሳቡ ተቀባይነት ካገኘ የመጀመሪያው አቅራቢ ለመሆን ተመዝግቤያለሁ። ጋሼንም በሰሚነት እንዲመጡልኝ ደውዬላቸው ተስማምተዋል። ከቅዳሜ በቀር በየትኛውም ቀን ይመቻቸዋል፤ ቅዳሜ ሲሚንቶ ይገባል።